በእትዬ በር ላይ የሰቀልኩት አበባ

ደረቅ አበባ የሚወዱ ሰዎች ቤቴ ሲመጡ ሥራዬን አንድ በአንድ ያያሉ። መስታወት ውስጥ የለጠፍኩትን ጽጌረዳ፣ ጠርሙስ ውስጥ የሰካሁትን የሸንኮራ አበባ፣ በስንዴ ዛላ ያስጌጥኩትን የግድግዳ ሰዓት አይተው ሲያበቁ ከመካከላቸው አንዷ አትጠፋም፤ "ክብ የለህም እንዴ? ያ በር ላይ የሚሰቀለው?" ትለኛለች። የለኝም። ለምን ካለችኝ ሽቦ አጣሁ እላለሁ። ሽቦማ ሞልቶኛል። ነገሩ በአንድ ትንፋሽ የሚነገር ስላልሆነ ነው፤ ለእኔም እስከ ዛሬ በደንብ አልገባኝም።

እኔ ሾፌር ነበርኩ። ባቱ አካባቢ ካለ የአበባ እርሻ ማቀዝቀዣ ያለው መኪና ይዤ፣ በመቂ አድርጌ፣ በሞጆ አልፌ፣ ቦሌ ድረስ አበባ ሳመላልስ ዕድሜዬን ጨረስኩ። ያን ሁሉ ዓመት አበባ ስጭን አንድም ቀን አበባ አሽትቼ አላውቅም። እኔ የማየው ካርቶን ነው። ካርቶኑ እንዳይሞቅ፣ አውሮፕላኑ እንዳያመልጥ፣ ሞጆ ላይ መንገዱ እንዳይዘጋ ነበር ጭንቀቴ። በመጨረሻ ወገቤ እምቢ አለኝና አዳማ ቤቴ ገባሁ። ሚስቴ ደግሞ ወንድ ልጅ ቤት ውስጥ ሲንጎራደድ ማየት አትወድም። "ወይ ተኛ፣ ወይ ውጣ፤ ዕቃ እንደጠፋበት ሰው አትዙርብኝ" ትለኝ ጀመር።

አንድ ቀን የድሮ የሥራ ባልደረባዬ በከተማችን ሲያልፍ አንድ ካርቶን ጽጌረዳ ጥሎልኝ ሄደ። ሪጀክት የምንለው ነው፤ ግንዱ ያጠረ፣ ቅጠሉ ላይ ነጥብ ያለበት፣ ፈረንጅ የማይፈልገው። መጣሉ አሳዘነኝ። ለምን እንዳሳዘነኝ አላውቅም፤ ስንት ሺህ ካርቶን ሲጣል ዞር ብዬም አላየሁ። ላድርቀው አልኩ።

መጀመሪያ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ አሰጣሁት። የአዳማን ፀሐይ የሚያውቅ ሰው እዚህ ጋ ይስቅብኛል። በሁለተኛው ቀን ሳወርደው ቀዩ ጠቁሯል፣ ነጩ ቡናማ ሆኗል፣ ስነካው መዳፌ ላይ ዱቄት ሆነ። ሚስቴ መጥታ አየችና "ለአንድ በራድ ስንት ማንኪያ ይበቃል?" አለችኝ። ሁለተኛውን ዙር ዕቃ ቤት ውስጥ ጨለማ ላይ ቁልቁል ሰቀልኩት። ቀለሙ እንዳለ ቀረልኝ። ነገር ግን ዕቃ ቤቱ የሽንኩርት ቤት ነበርና ጽጌረዳዬ በሙሉ ሽንኩርት ሽንኩርት ሸተተ። በሦስተኛው ዙር ሽንኩርቱ ወጥቶ አበባው ገባ። በዚህ ምክንያት ከሚስቴ ጋር አንድ ሳምንት ተኮራረፍን።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ያዘኝ። ስልኬ ላይ ደረቅ አበባ የምትሠራ አንዲት ፈረንጅ አገኘሁ። የምትናገረው አንድም ቃል አይገባኝም፤ የማየው እጇን ብቻ ነው። እሷ የምትጠቀምበትን እኛ አገር በሚገኝ ነገር እየተካሁ ሠራሁ። ከዝዋይ ሐይቅ ዳር ቄጠማ፣ ከወንጂ ያንን ብርማ የሸንኮራ አበባ በሚመላለሱ ሾፌሮች አስመጣለሁ። የደረቀው እንዳይረግፍ የሚስቴን የፀጉር ስፕሬይ ሰርቄ እረጭበታለሁ። ሰፈሩ ግራ ገባው። ዕድሜ ልኩን ትልቅ መኪና የነዳ ሰውዬ በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ በወረንጦ አበባ ሲለጥፍ ማየት ለማንም ግራ ነው። "ሰውየው ደኅና ነው?" ብለው ሚስቴን በለሆሳስ የጠየቋት አሉ።

ያልሳቁብኝ እትዬ ብቻ ናቸው። እትዬ የምላቸው ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤታችን ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል፤ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፉ ነው የሚተዳደሩት። ከስፌት የተረፈውን ብጣሽ ጨርቅ በፌስታል ያመጡልኝና "እንካ፣ ለአበባህ ማሰሪያ" ይሉኛል። ከዚያ በርጩማ ስበው ይቀመጡና እጄን ያያሉ።

የሚያመጣቸው ግን አበባው አልነበረም። አንድ ልጅ አላቸው፤ ባጃጅ ይጠግን የነበረ፣ ሳቂታ ጎረምሳ። ከስምንት ወር በፊት ከጓደኛው ጋር በጅቡቲ አድርጎ በባሕር ወደ ዓረብ አገር ሊሻገር ሄደ። "ባሕሩ ዳር ደርሰናል" ብሎ ደወለ፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም። እትዬ እኔን የመንገድ ሰው ነው የሚሉኝ። "አንተ መንገድ ታውቃለህ፤ ከዚያ ወዲያ ስልክ የማይሠራበት አገር አለ አይደል?" ይሉኛል። ቦሌ ድረስ የነዳ ሰው ስለ ባሕር ምን ያውቃል? ቢሆንም "አለ እንጂ እትዬ፣ ኔትወርክ የሚባል ነገር የለም" እላቸዋለሁ። እኔም ብዙ ጊዜ ስለተናገርኩት አምኜው ነበር።

ገና ሲቃረብ ያቺ ፈረንጅ ሽቦ አጥፋ ክብ ሠራች፤ ዙሪያውን ደረቅ አበባ ጠመጠመችበትና በሯ ላይ ሰቀለችው። እንግዳው ሁሉ በሩ ጋ ሲደርስ ቆም ብሎ ያየዋል፣ ይስቃል፣ ይሳሳማል። ልቤ ተነሣ። ለእትዬ እሠራላቸዋለሁ አልኩ። ያለ ልጃቸው የሚውሉት የመጀመሪያው ገና ነው፤ ቢያንስ በራቸው ፈገግ ይበልላቸው። ለሚስቴ አልነገርኳትም፤ ስንት ጊዜ ስቃብኛለች፣ ይህን ሲያልቅ ትየው ብዬ። ሳምንት ሙሉ ዕቃ ቤት ገብቼ ሠራሁት። ቀይና ነጭ ጽጌረዳ፣ የስንዴ ዛላ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል አለበት። ከታች እትዬ ከሰጡኝ ብጣሽ ሐምራዊ ሪባን አሠርኩበት።

ይህን የሚያነብ ሰው "ምን ነካህ?" እንደሚለኝ አውቃለሁ። እኔም ራሴን ስንት ጊዜ ብያለሁ። ግን በዚያን ጊዜ ለእኔ ሽቦ ነበር፣ ስንዴ ነበር፣ የእጄ ሥራ ነበር። ሌላ ነገር ፈጽሞ አልታየኝም።

ለገና ሁለት ቀን ሲቀረው እትዬ ቅዳሴ ሄዱ፤ ሚስቴም ገበያ ወጣች። ሚስማር መትቼ በራቸው ላይ ሰቀልኩት። ራቅ ብዬ አየሁት። ቆንጆ ነበር፤ ይህን ማንም አይክደኝም። ቤቴ ገብቼ ከግድግዳው አጠገብ ተቀመጥኩና ሳቃቸውን መጠበቅ ጀመርኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ኮቴያቸውን ሰማሁ። ኮቴው በራቸው ጋ ሲደርስ ቆመ። ብዙ ቆመ። ከዚያ አንድ ከባድ ነገር መሬት ላይ ሲወድቅ ተሰማኝ፤ ዕቃ መስሎኝ ነበር። ስወጣ እትዬ ደጃቸው ላይ ተቀምጠዋል። ነጠላቸው ከትከሻቸው ወርዷል። አያለቅሱም፤ ዓይናቸው በሩ ላይ ቀርቷል።

"ማን ነው ያመጣው?" አሉኝ።

"እኔ ነኝ የሠራሁት እትዬ። የበዓል ነው። ወደዱት?"

"ልጄን የት ቀበሩት?" አሉኝ።

ያን ጊዜ ነው የሰቀልኩትን ያየሁት። ጉንጉን አበባ ነው። እኛ አገር ጉንጉን አበባ የሚሄደው መቃብር ላይ ነው። እኔ ራሴ የዕድር ሰው ሲሞት ከሬሳው ፊት ፊት ስንቴ ተሸክሜው ሄጃለሁ፤ ሐምራዊ ሪባኑ ሳይቀር አንድ ነው። ልጇ የጠፋባት እናት በር ላይ፣ በገዛ ጨርቋ አስሬ፣ የመቃብር አበባ ሰቅያለሁ።

"ጌጥ ነው!" ብዬ ጮህኩ። "የበዓል ጌጥ ነው እትዬ! ፈረንጆች በር ላይ ይሰቅሉታል! ምንም የተሰማ ነገር የለም!" በጮህኩ ቁጥር የእሳቸው ፊት እየባሰበት ሄደ። ቆይቶ ነው የገባኝ። እኛ ዘንድ ሞት የሚደብቅ ሰው የሚያደርገው ልክ እኔ ያደረግሁትን ነው፤ ምንም የለም ይላል፣ ሊስቅ ይሞክራል፣ ነገር ይቀይራል።

ጎረቤቱ ተሰበሰበ። አንድ ነገር ግን ግራ ገባኝ። የመጣው ሰው ሁሉ ሲደርስ "ምን ሆኑ?" አላለም። የመጀመሪያዋ ሴትዮ ያለችው "ማን ነገራቸው?" ነው። ቀጥሎ የመጡት የዕድራችን ዳኛም ጆሮዬ ሥር "ማን ነገራቸው?" አሉኝ። "ምኑን?" አልኳቸው። ትኩር ብለው አዩኝና ወደ እትዬ አለፉ። ሚስቴ ከገበያ ደረሰች። በሩን አየች፣ ዘምቢሏን ጣለች፣ ጉንጉኑን ከነሚስማሩ ነቅላ ነጠላዋ ውስጥ ከተተችው። ጠብቄ የነበረው ስድብ ነው። እሷ ግን ምንም አላለችኝም፤ ሃያ ሰባት ዓመት አብሬያት ስኖር ምንም ያላለችኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

አመሻሽ ላይ እትዬ ብቻቸውን ቤታችን መጡ። ግቡ ብል አልገቡም፣ ተቀመጡ ብል አልተቀመጡም፤ በሩን ይዘው ቀሩ።

"ሌሎቹን አልጠየቅኋቸውም" አሉኝ። "እነሱ ቢያውቁም አይነግሩኝም። አንተን ነው የመጣሁት። አንተ መዋሸት አትችልም። ፊትህ አሳልፎ ይሰጥሃል። እስቲ ዓይኔን እያየህ ንገረኝ፤ ስለ ልጄ የሰማኸው ነገር አለ?"

"የለም እትዬ። ማርያምን የለም።"

"ማል።"

"ልጆቼን ይንሳኝ፤ የሰማሁት ነገር የለም።"

ፊቴን ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ከደረታቸው አንድ ትልቅ ትንፋሽ ወጣና ሳቁ። እንባቸውም አብሮ መጣ። "አንተ ጅል!" አሉኝ ትከሻዬን እየመቱ። "አንተ የማትረባ! ልትገድለኝ ነበር እኮ! አበባ አጥተህ ነው ቤቴን መቃብር ያስመሰልክብኝ?" እኔም ሳቅሁ፤ እጃቸውን ይዤ ይቅርታ ጠየቅሁ። "ገና እኔ ቤት ነው የምትውሉት፤ ካሳህ ይኸው ነው" ብለው ወጡ። አካሄዳቸው ቀሎ ነበር። ደስ አለኝ። ያጠፋሁትን አስተካከልኩ ብዬ ዞር ስል ሚስቴ ማድ ቤቱ በር ላይ የድስት ክዳን ይዛ ቆማለች።

"ምነው በልጆቻችን ባትምል" አለች።

"እውነት አይደል እንዴ የማልኩት?"

ሶፋው ላይ ቁጭ አለች። ክዳኑን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። "ልጁ ሞቷል" አለችኝ። "ከሰማን አሥራ ሁለተኛ ቀናችን ነው። ጀልባቸው ተገልብጦ ነው። አብሮት የሄደው ጓደኛው ተርፎ አቦምሳ ላሉት ለእትዬ ወንድም ደውሎላቸዋል፤ በዓይኑ አይቷል። ወንድማቸው መጥተው ከዕድሩ ጋር መከሩ። ዓመት በዓሏን ትዋል፣ በማግስቱ ማለዳ መርዶውን እንነግራታለን ተባለ።"

"ማን ማን ያውቃል?"

"ሰፈሩ።"

"እኔስ?"

"አንተማ ፊትህ አይችልም። አንድ ቀን ቢያዩህ ያውቁ ነበር። ለአንተ እንዳይነገርህ ተባለ።"

"ማነው ያለው?"

"እኔ ነኝ" አለች።

መቆጣት አማረኝ፤ ማንን እንደምቆጣ ግን አላወቅሁም። ሚስቴ የተናገረችው እውነት ነው። እኔም የማልኩት እውነት ነው፤ ስምል የሰማሁት ነገር አልነበረም። ታዲያ የዋሸ ሰው የሚሰማው ስሜት ለምን ተሰማኝ? ሁለቱም ልጆቼ ሌላ ከተማ ናቸው። ለሁለቱም ደወልኩ። "ምን ሆንክ አባዬ?" አሉኝ። "ምንም፤ ድምፃችሁን ልስማ ብዬ ነው" አልኩ። እኔ ድምፅ ሰማሁ፤ ከግድግዳው ወዲያ ያሉት ሴትዮ ደግሞ በእኔ መሐላ ተጽናንተው የልጃቸውን ድምፅ ይጠብቃሉ።

በማግስቱ ሰፈሬ ሌላ ሰፈር መሰለኝ። ሰሞኑን ያየሁት ነገር ሁሉ ተገለባበጠብኝ። ዩኒፎርም የሚያሰፉት እናቶች "ምንም አይቸኩልም፣ ከበዓል በኋላ ይደርሳል" ያሉት ለካ ለዚህ ነው። የሰፈሩ ሴቶች እትዬ ሲያልፉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የሚስቁት ለዚህ ነው። ያን ሁሉ በዓይኔ አይቼ ምንም አላየሁም። አበባ ጭኜ አበባ ሳላሸት እንደኖርኩት መሆኑ ነው። የሁሉም ሰው ደግነት ነው እንዳልል ጭካኔ ይመስለኛል፤ ጭካኔ ነው እንዳልል የሚያለቅሱት እነሱ ናቸው፤ የዕድሩ ዳኛ ከእትዬ ቤት ወጥተው ጥጉ ላይ ዓይናቸውን ሲጠርጉ አይቻቸዋለሁ።

በዋዜማው የእትዬ ወንድም ከአቦምሳ ደረሱ። ሁለት ዶሮ አንጠልጥለው፣ ገና ከግቢው በር "እህቴ፣ አካም ጂርታ? በዓልን ካንቺ ጋር ልዋል ብዬ መጣሁ!" እያሉ ገቡ። እሳቸውን ያየ ሐዘን አያውቁም ይላል። ትንሽ ቆይተው ወደ እኔ መጡና ክንዴን ይዘው ዕቃ ቤት አስገቡኝ። ከደረቁት አበቦች ሥር ቆመን አዩኝ።

"ያ ዋቃ! አንተ ሰው ምን አደረግህብን?"

"አላወቅሁም ነበር ጋሼ።"

"አውቃለሁ። እሷ አምናሃለች፤ ሌላውን ተወው። ሜ፣ እስቲ አንድ ቀን ብቻ ፊትህን ቻለው።"

"እኔ ባቱ ልሂድ። ጓደኛዬ ታሟል ብዬ ልሂድ።"

"ትናንት የማለላት ሰው ዛሬ በዓል ጥሎ ቢሄድ ምን ትላለች?" አሉኝ። ብሄድ መሄዴ ይናገራል፤ ብቀር ፊቴ ይናገራል።

የገና ጠዋት ሚስቴ መስታወት ፊት አቁማኝ አለማመደችኝ። "ሳቅ" ትለኛለች። እስቃለሁ። "እንዲህ አይደለም፤ ጥርስህን ያመመህ ትመስላለህ።" ደግሜ እሞክራለሁ። "እሱማ ይብሳል።" በመጨረሻ ተስፋ ቆርጣ "በቃ ቀና አትበል፤ ምግቡን እያየህ ብላ" አለችኝ።

እትዬ አዲስ ቀሚስ ለብሰዋል። ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን አድረው እንኳ ድካም አይታይባቸውም። ወንድማቸው፣ እኛ፣ ሌሎች ሁለት ጎረቤቶች ገበታውን ከበብን። እትዬ እያስተናገዱ ያንን የጉንጉን ነገር ያወራሉ። "ልጄ ሲመጣ የምነግረው የመጀመሪያው ነገር ይሄ ነው" አሉ። "ይሄ ሰውዬ በቁምህ ቀብሮህ ነበር እለዋለሁ!" ሁሉም ሳቁ። ከሚገባው በላይ ሳቁ። እኔ የዶሮ ወጡን እያየሁ እበላለሁ፤ የምበላው ምን ምን እንደሚል አላውቅም።

በመሐል እትዬ ከአጠገቤ መጥተው ጎንበስ አሉ። በእጃቸው ትልቅ ጉርሻ ይዘዋል።

"ቀና በል" አሉኝ። "ይሄ እውነቱን ስለነገርከኝ ነው።"

ቀና አልኩ፤ ምን ላድርግ? ጉርሻውን ተቀበልኩ። ላኝከው ሞከርኩ፤ መንጋጋዬ አልታዘዝ አለኝ። ልስቅ አሰብኩ። ምን ዓይነት ፊት እንዳሳየኋቸው አላውቅም፤ የማውቀው የእሳቸውን ብቻ ነው። መጀመሪያ ፈገግታቸው ነበረ። ከዚያ ፈገግታው ሳይጠፋ ከኋላው ያለው ነገር ሁሉ ሲሄድ አየሁ። እጃቸው አፌ አጠገብ እንደ ተዘረጋ ቀረ። ወንድማቸው ከወዲያ በኩል ስለ አቦምሳ ስንዴ ጮክ ብለው ያወራሉ፤ ሚስቴ ሳህኗ ላይ አቀርቅራለች። ማንም አላየንም።

እትዬ ወጥ የሚጨምሩልኝ መስለው ይበልጥ ጎንበስ አሉ።

"ዋጠው" አሉኝ በጆሮዬ። "በዓላቸውን አታበላሽባቸው። ጠዋት ስትመጡ በር አታንኳኩ፤ ከፍቼ እጠብቃችኋለሁ።"

ዋጥኩት። እሳቸው ቀና አሉ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ "ብሉ እንጂ! ምነው እንግዳ ሆናችሁ?" አሉና ለወንድማቸው እንጀራ ጨመሩላቸው።